አይገኝም የተባለው ቀለም

እኔ ውሸት አልወድም። ቁጣ ይቀናኛል፣ ምላሴም ስለት አለው ይሉኛል፣ ይሁን። ግን ሱቄ የገባ ሰው ያለውን ዕቃ የለም ተብሎ ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ እያልኩ በየሄድኩበት ስፎክር ነበር የኖርኩት። እስከዚያች ሐሙስ ድረስ ማለቴ ነው።

ሱቄ እስክሪብቶ ቤት ነው። ደብተርና ወረቀትም አናጣም፣ ሰው የሚያውቀን ግን በእስክሪብቶ ነው። ያውም ተጽፎበት የሚጣለው አይደለም፤ እጅ ላይ ከበድ የሚለው፣ ሰው ሲመረቅ ወይ ሲሾም የሚሸለመው። የዚህ ዓይነቱ እስክሪብቶ ቀፎው ከባለቤቱ በላይ ይኖራል። የሚያልቀው ውስጡ ያለው ባለቀለሙ ዘንግ ነው፣ ሪፊል የምንለው። ሰዎች ቀለሙ ሲያልቅባቸው የሠራው ፋብሪካ ማምረት ትቶ ይቆያቸዋል፤ እያዘኑ ወደኔ ይመጣሉ። እኔ ቀፎውን ፈትቼ አያለሁና "ስሙን ተዉት" እላቸዋለሁ። ሪፊል በስም አይመረጥም። ርዝመቱ፣ የወገቡ ውፍረትና የጫፉ ቅጥነት ከገጠመ የአንዱ ፋብሪካ ለሌላው ይሆናል። ትንሽ ከረዘመ ጫፉ አልገባም ብሎ ኪስ ያበላሻል፣ ካጠረ ደግሞ አልወጣም ብሎ ባለቤቱን ያናድዳል። ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

ኩኩ ይህን ሁሉ ከኔ ነው የተማረችው። ኩኩ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ስትሞትብኝ የወተት ጥርሷ እንኳ ሳይነቀል ወደኔ መጣች። እኔ አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ ለኔ እሷ፣ ለእሷም እኔ ነን። ዛሬ ዓይኗን ብትሸፍኑባት እንኳ ሪፊሉን በጣቷ ዳብሳ ለየትኛው ቀፎ እንደሚሆን ትነግራችኋለች። ስለዚህ አንድ ጠበቃ ሪፊል ፍለጋ እኛ ሱቅ መመላለስ ሲጀምር መጠርጠር ነበረብኝ።

ሐሙስ ሐሙስ እኔ ዕቃ ላመጣ ጅምላ አከፋፋዩ ጋ እሄዳለሁ፤ ሱቁን የምትይዘው ኩኩ ናት። ጠበቃውም የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። አልፎ አልፎ በር ላይ እንተላለፋለን። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሹፌሩ ውጭ መኪና ውስጥ የሚጠብቀው ልጅ ነው።

"ምን ፈልጎ ነው ይሄ ሰውዬ?" እላታለሁ።

"ለእስክሪብቶው ሪፊል።"

"እስካሁን አልተገኘለትም?"

"የድሮ እስክሪብቶ እኮ ነው አክስትዬ፣ የሚገጥመው ጠፋ" ትልና ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታዞራለች።

ሞኝ አይደለሁም። ሐሙስ ጠዋት ከንፈሯን ስትቀባ አያታለሁ። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ተመልሼ በመስታወቱ በኩል አየኋቸው። ሁለቱም ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለዋል። እሷ አንዱን ሪፊል እያወጣች ሌላውን እያስገባች፣ ወረቀት ላይ እየሞነጫጨረች ትሞክራለች። እሱ ግን እስክሪብቶውን አያይም። ጣቷን ነው የሚያየው። ከጣቷ ወደ ፊቷ ይሄዳል፣ እሷ ቀና ስትል ቶሎ ብሎ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።

"ይሄኛውም ትንሽ ረዘመብዎ" አለችው።

"ረዘመ?" አለ፤ ፊቱ ላይ የእፎይታ ነገር አየሁበት። የፈለገውን ያጣ ሰው እፎይ ሲል አይቼ አላውቅም። ፍቅር ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ግማሹን ብቻ ነበር ያወቅኩት።

ያን ቀን አስቀምጬ መከርኳት። "ስሚ ኩኩ፣ እነሱ ሹፌር ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኛን የሚያውቁን ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ነው። ዕቃቸውን ይዘው ሲወጡ መልካችንን እንኳ አያስታውሱትም።"

"ምንም የለም እኮ አክስትዬ። ቀለም ፈልጎ ነው የሚመጣው" አለችኝ። እየሳቀች ነበር ያለችው፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ያኔ ነው የፈራሁት። ይሄ ሰው አንድ ሐሙስ ቢቀር ልጄ ትሰበርብኛለች አልኩ በልቤ።

እና ያቺ ሐሙስ መጣች።

አከፋፋዩ ዕቃ ቆጠራ ላይ ነኝ ብሎ ስለዘጋ እኔ ሱቅ ዋልኩ። ኩኩ ከኋላ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ትፈታለች። ከምሳ በኋላ አንዲት ሴትዮ ገቡ። ስልሳ የተጠጉ፣ ሽበታቸው የሚያምርባቸው፣ አንገታቸው ላይ ሐር ሻርፕ ጣል ያደረጉ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ትንሽ ቆም አሉ።

"እህቴ፣ ተስፋ ቆርጬ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "እንዲያው 'የለም' ሲባል በገዛ ጆሮዬ ልስማው ብዬ ነው።"

"ይግቡ እትዬ፣ ምንድን ነው የጠፋብዎ?"

በመሀረብ የተጠቀለለ እስክሪብቶ አወጡ። ጥቁር ነው፣ ወገቡ ላይ ቀጭን የብር ቀለበት አለው። ፈታሁት፤ ውስጡ ያለው ሪፊል ደርቆ አልቆለታል። አንዴ አየሁት፣ በቃኝ። ዞር ብዬ መሳቢያውን ስቤ አንድ ሪፊል አወጣሁ፣ አስገባሁት፣ ሞላዋን መለስኩ፣ ቀፎውን ገጠምኩና ጫን አደረግኩት። ጫፉ ብቅ አለ። ወረቀት ላይ ሰረዝ አደረግኩበት፤ ሰማያዊው ቀለም ያለምንም መቆራረጥ ወረደ።

"ይኸውልዎ" አልኩ።

ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸው ላይ ደም የለም።

"ከየት አመጣሽው?" አሉ በስንት መከራ።

"ከመሳቢያ ነዋ። እትዬ፣ ይሄ እኮ እንደልብ ያለ ዕቃ ነው። በካርቶን ነው የምናስመጣው። የዚህን እስክሪብቶ ፋብሪካ አይፈልጉ፣ እሱማ ተዘግቷል፣ ይሄ ግን ልክክ ይልለታል።"

ባንኮኒውን ደገፍ አሉ። "ልጄ ከተማውን አዳርሼ አጣሁ ነው ያለኝ። ሐሙስ ሐሙስ አንድ እስክሪብቶ ቤት እየሄድኩ አስፈልጋለሁ ይለኛል። አንዲት ልጅ አለች፣ ሥራውን ጥንቅቅ አርጋ የምታውቅ፣ እሷ ራሷ የለም ብላኛለች ብሎ ምሎልኛል። ዛሬ ኮቱን ቀይሮ ሲወጣ እስክሪብቶው ከአሮጌው ኮት ኪስ ውስጥ ቀርቶ አገኘሁት። የሱቁን ስም ሲያነሳ ሰምቼ ስለነበር መጣሁ።"

ክው አልኩ። እኔ ሱቅ! ያለውን የለም! ያውም ኩኩ!

ወንበር አቀረብኩላቸው፣ ተቀመጡ። እስክሪብቶውን መዳፋቸው ላይ አጋድመው ማውራት ጀመሩ፤ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

"ከባሌ ጋር የተጋባነው በዚህ ፈርመን ነው። ሊሞት ሲል እጄ ላይ አኖረውና 'ብቻሽን እንዳታረጂ። ጓደኛ ካገኘሽ በዚሁ ፈርመሽ አግቢው፣ እኔም እንደፈቀድኩ ይቆጠርልኝ' አለኝ። ብዙ ዘመን ብቻዬን ኖርኩ። ከዚያ ሰው አገኘሁ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በብስክሌት ይመጣል፣ በር ላይ ሱሪውን አራግፎ ይገባል፣ ያስቀኛል። በዚህ እስክሪብቶ ካልሆነ አልፈርምም አልኩት፣ እሱም ገባው። ቀለሙ ደርቆ ነበር፤ ልጄን፣ ሪፊል ፈልግልኝ አልኩት። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ሲል መምህሩ ጠብቆ ጠብቆ እህቱ ያለችበት ከተማ ሄደ። ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ!"

ከኋላዬ የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ተበተነ። ዞር አልኩ። ኩኩ የመጋዘኑ በር ላይ ቆማለች፤ ያቀፈችው ካርቶን ወድቆ እስክሪብቶው ሁሉ በየወንበሩ ሥር ተንከባሏል። አንዱንም ለማንሳት አልሞከረችም።

"አንቺ ነሽ?" አሉ እትዬ።

ብትዋሽ ኖሮ እኔም እዋሽላት ነበር፣ እውነቴን ነው። አልዋሸችም።

"እኔ ነኝ እትዬ። ሪፊሉ ነበረ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ።"

"ታዲያ ምን ብለሽ…"

"ካገኘው አይመለስም ብዬ ነው" አለች። "የሚፈልገው ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። የቢሮ ነገር መስሎኝ ነበር። ብቻ በሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲመጣ ፈለግኩ።"

ደሜ ፈላ። ለአንድ ለማይረባ ዘንግ፣ ከጣት ለማትረዝም ነገር፣ የሰው ትዳር! የምገባበት ጠፋኝ።

በዚሁ መሃል በሩ ተከፈተና ጠበቃው ገባ።

እሱ መጀመሪያ ያየው ኩኩን ነው። ፊቱ በራ፤ ይሄን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቀጥሎ እናቱን አየ።

"እማዬ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

እናቱ እስክሪብቶውን አንስተው ባንኮኒው ላይ ያለው ወረቀት ላይ ስማቸውን ጻፉ። ቀለሙ ወረደ። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እስክሪብቶውን አየ።

"ተገኘ?" አለ በመጨረሻ።

"ተገኘ። ደስ አላለህም?"

"እማዬ…"

"ደስ አላለህም! እናትህ ነኝ፣ ፊትህን አውቀዋለሁ።"

ወደ ኩኩ ዞረ። "የለም ብለሽኝ ነበር።"

"ዋሽቼዎት ነው።"

"ዋሸሽኝ?" ቃሉን የማያውቀው ይመስል ነበር ያለው። "እኔ እኮ ያንቺን 'የለም' የአባቴ 'የለም' አድርጌ ነው የወሰድኩት! ቀለሙ ጠፋ ስትዪኝ አባቴ እምቢ አለ፣ አልፈቀደም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ልቤ ያረፈው በሱ ነው። ለካ አንቺ ነሽ!"

"ቆይ" አሉ እናቱ ብድግ ብለው። "ቆይ እስቲ። ልቤ ያረፈው አልክ? እንዲጠፋ ነበር የምትፈልገው?"

ይሄ ሰው በችሎት ፊት ስንት ጊዜ ተከራክሮ ይሆናል፤ እናቱ ፊት ግን እንደ ተማሪ አቀረቀረ።

"አዎ" አለ። "በብስክሌት የሚመጣ ጡረተኛ አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት አልፈለግኩም። አይመጥነንም አልኩ። ከተማውንም አላዳረስኩም። ሌላ ሱቅ አልሄድኩም እማዬ። እዚህ ብቻ ነው የመጣሁት።"

ወይ ጉድ! እኔ ልጄን ብቻ ጥፋተኛ አድርጌ ልነድድ ነበር። ይኸው ይሄኛው ደግሞ "የለም" እንዲባልለት የመጣ፣ ያቺኛዋ እንዲመለስላት "የለም" ያለች፤ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ተግባብተው አሮጊቷን መሃል ላይ ፈጯቸው። እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን አፍጥጠው አዩት። ያላለቀሱት ድንጋጤው ስላደረቃቸው ነው።

"ደውልለት" አሉት። "አሁኑኑ፣ እኔ ፊት። ድምፁንም ክፈተው።"

ደወለ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ እና አንድ የተረጋጋ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አለ ጠበቃው።

"እናትህ ደህና ናት?" አሉ ሰውዬው፤ ሰላምታም አላስቀደሙም። እትዬ ከንፈራቸውን ነከሱ።

"ደህና ናት። ጋሼ፣ የደወልኩት… ሪፊሉ ተገኝቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ምንም…"

"ልጄ" አሉ መምህሩ፣ ቀስ ብለው፣ "ሪፊሉማ ያኔም ነበረ። እኔ ራሴ ገዝቼው ነበር።"



"እናንተ ቤት ለሻይ በመጣሁ ቀን እስክሪብቶውን ፈትቼ የደረቀውን ለካሁት፤ ከነወገቡ ወረቀት ላይ ነደፍኩትና ይዤ አንድ እስክሪብቶ ቤት ሄድኩ። እመቤቲቱ ሥዕሉን አይታ ወዲያው ሰጠችኝ። እንደልብ ነው አለችኝ። በደስታ ይዤላት ስመጣ ግን እናትህ የዚያኑ ሱቅ ስም ጠርታ፣ እዚያም የለም ተብሏል አለችኝ። ከኪሴ ሳላወጣው ተመለስኩ። ሰው አልፈልግህም ማለት ሲከብደው ሰበብ ይፈልጋል። እሷን በነገር ማስጨነቅ አልፈለግኩም። ሰላም በልልኝ። በሉ ደህና ሁኑ።"

ስልኩ ተዘጋ።

እመቤቲቱ እኔ ነኝ! ያን ሰውዬ ወዲያው አስታወስኳቸው። ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ ካርታ የሚመስል ንጹሕ ሥዕል ይዘው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሪፊሉን ስሰጣቸው እንደ ሎተሪ ዕጣ በሁለት እጃቸው ተቀብለውኝ ነበር። አፌን ያዝኩ። በአንድ ሱቅ፣ በአንድ መሳቢያ፣ እኔ "አለ" እያልኩ ልጄ "የለም" እያለች፣ ሰውዬው ሁለቱን ቃል ገጣጥመው የሚወዷቸው ሴት ዋሾ መሰሏቸው!

እትዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ሰበብ የፈለግኩበት መሰለው" አሉ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔን…" እንባቸው ያኔ ገና ወረደ።

ጠበቃው የእናቱን እንባ ሲያይ ያ ሁሉ ጨዋነቱ ተገፈፈ። ወደ ኩኩ ዞሮ "አየሽ?" አላት። "አየሽ ምን እንዳደረግሽ? እኔ ምን አደረግኩሽ? አምኜሽ ነበር! እማዬ ተነሽ፣ እንሂድ። ሁለተኛ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም።"

ልጄን አየኋት። የፈራሁት ደረሰ አልኩ። ትወድቃለች ብዬ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አልወደቀችም። ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ መንገዱን ዘግታ ቆመችበት። ያለ ባንኮኒ እሱ ፊት ስትቆም ያን ቀን መጀመሪያዋ ነው።

"ጥፋቴን አልክድም" አለች። "ለእናትህ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንተ ግን አንድ ነገር መልስልኝ።"

አንተ! አንተ አለችው! ሁልጊዜ እርስዎ የምትለውን ሰው!

"ለእናትህ 'የለም ተባልኩ' ለማለት አንድ ሐሙስ ይበቃህ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የለም ብዬሃለሁ። የፈለግከውን ቃል ሰጥቼሃለሁ፣ ይዘኸው መሄድ ነበረብህ። ሌላውን ሐሙስ ሁሉ ምን ፈልገህ መጣህ?"

ጠበቃው ጆሮው ሳይቀር ቀላ። እትዬ እንባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየጠረጉ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያሉ። 

"መልስላት" አሉት እናቱ።

"አንቺን ለማየት ነበር" አለ።

እንዲህ፣ በአጭሩ። ከዚያ ግን የታመቀው ነገር ገነፈለና ማቆም አቃተው።

"ሐሙስ ከሰዓት ቀጠሮ አልቀበልም ነበር። ደንበኞቼን እዋሻቸዋለሁ። አንዱን ሪፊል በገጠምሽ ቁጥር ይሄኛው ልክ ቢሆንስ እያልኩ እሰጋ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ በእናቴ ነገር ነበር። በኋላ ግን እናቴንም ረሳኋት። ልክ ከሆነ ምን ብዬ እመለሳለሁ ብዬ ነው የፈራሁት።"

ኩኩ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያን ሁሉ ጊዜ፣ አንድ ባንኮኒ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ሁለቱም አንድ ነገር ሲፈሩ ነበር ማለት ነው። እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንጀቴን በሉት፣ ልቆጣቸው ፈልጌም አልቻልኩም።

የተቆጡት እትዬ ናቸው። ድንገት ከወንበሩ ተፈናጥረው ተነሱ።

"አንተ!" አሉት። "ለእኔ ሲሆን አይመጥነንም፣ ለአንተ ሲሆን ሐሙስ ሐሙስ! እኔን በብስክሌት ይመጣል ብለህ ስትከለክለኝ፣ ከሱቁ በር ሹፌር እያቆምክ የምትመላለሰው ለዚህ ነው? አንተ ልብ ያለህ፣ እኔ የሌለኝ መስሎህ ነው?"

"እማዬ፣ ይቅር በዪኝ" አለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲል አላስያዙትም።

"ስልኩን አምጣ!"

ራሳቸው ደወሉ። ቸኩለው ቁጥሩን ሁለቴ ሳቱት። መምህሩ ሲያነሱ እትዬ ፋታ አልሰጧቸውም።

"እኔ ነኝ። እንዳትዘጋው፣ ዝም ብለህ ስማኝ። ሰበብ አልፈለግኩም። ልጆች ናቸው የዋሹን፣ የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው፣ ስትመጣ ትሰማዋለህ። አንተ ግን አጥፍተሃል! ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ለምን አልጠየቅከኝም? ለምን አልተጣላኸኝም? እኔ በየቀኑ የብስክሌትህን ድምፅ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ሰው ፊት ነው የምናገረው፣ አላፍርም፤ እወድሃለሁ። ይኸው አልኩት።"

ኩኩ ሳታውቀው የጠበቃውን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች፣ እሱም አላስለቀቃትም።

"የት ነሽ?" አሉ መምህሩ። ድምፃቸው ተለውጧል።

"እስክሪብቶ ቤቱ።"

"ከዚያ እንዳትነቃነቂ። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዤ እመጣለሁ። እስከ አመሻሽ እደርሳለሁ።"

"ሹፌሩን ልላክልህ" አሉ እትዬ።

"አይሆንም። በራሴ ነው የምመጣው" አሉ፣ ዘጉት።

እትዬ ስልኩን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ አይለይም። በኋላ ዙሪያቸውን አዩ፣ ራሳቸውን አዩ፣ እና እንደ ኮረዳ ደነገጡ።

"አንቺ" አሉ ኩኩን። "መስታወት አለሽ?"

ኩኩ ሮጣ ሄዳ የራሷን ትንሽ መስታወት አመጣች። እትዬ ያዙት፤ አንዴ ሻርፓቸውን አንዴ ፀጉራቸውን ሲነካኩ ፊታቸው ከመስታወቱ እየወጣ አስቸገራቸው። ኩኩ ቀስ ብላ ተቀበለቻቸውና ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው።

"ያደረግሽውን አልረሳልሽም" አሏት፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ።

"አይርሱልኝ እትዬ። እኔም አልረሳውም።"

"ሰው ነው የጎዳሽው።"

"አውቃለሁ።"

እትዬ ሻርፓቸውን ፈቱ፣ ደግመው አሰሩት፣ አልሆን አላቸው። "ተይ እንግዲህ ዝም ብለሽ አትመልከቺኝ" አሉ ቆጣ ብለው። "ፀጉሬን ከዚህ በኩል መልሺልኝ። ለሱ ሽበቴ አይታይ አልልም፤ ያው ያውቀዋል። ብቻ የተንጨባረረ አይሁን።"

ኩኩ መስታወቱን ለጠበቃው አስያዘችውና የእናቱን ፀጉር በጣቶቿ ማስተካከል ጀመረች። እሱ መስታወቱን እንደ ታዘዘ ሰው ቀጥ አድርጎ ይዟል። እትዬ መስታወቱ ውስጥ ኩኩን ትክ ብለው ሲያዩዋት ቆዩ። ኋላም ራሳቸውን ቀለል አድርገው እጇ ላይ ጣሉላት፤ ልጄም ያኔ ነው እንባዋ የወረደው።

እኔ ወለሉ ላይ የተበተነውን እስክሪብቶ ልለቅም ጎንበስ አልኩ፤ ፊቴን እንዳያዩት ነው። ተቆጪዋ እኔ፣ ሰው ፊት አላለቅስ ባይዋ እኔ! ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ማንም እንዲመጣልኝ ተመኝቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን እነሱ በሩን በሩን ሲያዩ እኔም አየሁ፤ ለኔም አንድ ሰው ቢመጣልኝ ብዬ ተመኘሁ፣ በራሴም ደነገጥኩ።